የመርጫ ድሮናችሁ ርጭት እኩል ይወርዳል? በራሳችሁ ሜዳ ላይ የምትለኩበት መመሪያ

በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና በአቃቂ በኩል በድሮን የሚያስረጩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ድሮኑ በአንድ ምልልስ፣ ማለትም አንዴ ሲያልፍ፣ 6 ሜትር ይሸፍናል ተብሏል። መድኃኒቱም ትክክለኛው ነው። ታዲያ ስንዴው ውስጥ አረሙ ለምን መስመር መስመር ሠርቶ ቀረ?»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከመድኃኒቱ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የርጭት ስፋትና የእናንተ ድሮን በእናንተ ማሳ ላይ የሚሸፍነው ስፋት ስለሚለያዩ ነው። ስፋቱ በከፍታ፣ በፍጥነት፣ በኖዝል (ውሃውን በጠብታ በሚረጨው አፍ)፣ በጭነትና በነፋስ ይለዋወጣል። እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙው ማሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ በባሕር ወለል ደረጃ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ድሮኑ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፕሮፔለሩን ይበልጥ ያሽከረክራል፤ አየሩንም በበለጠ ፍጥነት ወደ ታች ይገፋል። ጠብታውን ወደ ሰብሉ የሚያወርደውም ወደ ጎን የሚበትነውም ይኸው አየር ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ የተለካ ቁጥር እዚህ ላይሠራ ይችላል። መፍትሔው መለካት ነው። ከ2 ወይም 3 ሰው ጋር ከሆናችሁ አንድ ጠዋት ይበቃል።

አስቀድሞ መጠንቀቅ

ድሮን ለማብረር ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀበሌውን አስተዳደርም አሳውቁ። ቦሌ ኤርፖርትም ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይል ሰፈርም ሩቅ አይደሉም። «ለሙከራ ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት ፈቃድን አይተካም።

ለመለኪያው ንጹሕ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ወረቀቱን የሚያነሱት በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ድሮን ሲነሳ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም። ታንኩን፣ ቱቦውንና ኖዝሉን ቀድማችሁ 3 ጊዜ እጠቡ። እጣቢውን ወንዝ ወይም ከብት የሚጠጣበት ቦታ አትድፉ፤ መድኃኒቱ ራሱ የሚረጭበት ማሳ ላይ በትኑት።

አንድ ሰው ልጆችንና ከብቶችን ብቻ እንዲጠብቅ መድቡ። ይህ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ውሃ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን ቢጫ ወረቀት። የተለመደው መጠን 26 በ76 ሚሊ ሜትር ነው። ለአንድ ሙሉ ልኬት 75 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ለመጠባበቂያ 10 ጨምሩ።
- 25 የጣውላ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ወረቀት ቆንጥጦ የሚይዝ መያዣ የተገጠመለት። የልብስ መቆንጠጫም ይሆናል።
- ሲባጎ፣ ረጅም ሜትር፣ ችካልና 2 ባንዲራ።
- የነፋስ መለኪያ።
- ስስ የላስቲክ ጓንት፣ እርሳስ፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ ከረጢት።
- መስፈሪያ ጆግ ወይም ሲሊንደር፣ ሰዓት።
- ስካነር ወይም ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር።

ቢጫውን ወረቀት ካጣችሁ ወይም ከተወደደባችሁ፣ ውሃው ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ነጭ የወረቀት ጥቅል በረጅም ጣውላ ላይ ዘርጉ። ትናንሽ ጠብታዎችን እንደ ቢጫው አያሳይም። ይሁን እንጂ የት እንደበዛና የት እንደሳሳ በደንብ ይነግራችኋል። ታንኩንና ቱቦውን ግን በኋላ በደንብ እጠቡ።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ ኖዝሎቹን ለኩ። ድሮኑ መሬት ላይ ሆኖ፣ ፕሮፔለሩ ታጥፎ ወይም ወልቆ፣ ፓምፑን ብቻ አስነሱ። ከእያንዳንዱ ኖዝል በ1 ደቂቃ የሚወጣውን ውሃ ለየብቻ ስፈሩ። ለምሳሌ 560፣ 570፣ 555 እና 480 ሚሊ ሊትር አገኛችሁ እንበል። አማካዩ 541 ነው። አራተኛው ከአማካዩ 11 በመቶ ያንሳል። ከ10 በመቶ በላይ የሚለየውን ኖዝል አጽዱት፤ ካልተስተካከለ ቀይሩት። ስታጸዱ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀሙ። መርፌና ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፉታል። በአፍ መንፋት ደግሞ መርዝ መቅመስ ነው። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ወረቀቱ ላይ የሚያየውን ክፍተት ከነፋሱ ይሁን ከኖዝሉ መለየት አይችልም።

2. ቦታና ሰዓት ምረጡ። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሹ ከታጨደ በኋላ ለዚህ ሥራ እንደልብ ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ፣ ሣሩ አጭር ነው። ከባሕር ዛፍ ረድፍ በደንብ ራቁ። ነፋስ ዛፉን ሲያልፍ ይሽከረከራል፤ ልኬቱንም ያበላሻል።

በበጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሳል። በጣም ማልዶ መውጣት ግን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ ጤዛ። ቢጫው ወረቀት ጠል ካለበት ሣር ጋር ከተነካካ ድሮኑ ሳይነሳ ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሱሉልታ ሣር ላይ አመዳይ ሁሉ ይጋገራል። ሣሩን በእጃችሁ ዳብሱት፤ መዳፋችሁ ከራሰ ጠብቁ። በክረምትም አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ወረቀቱ ያለ ጠብታ ቀስ እያለ ይቀየራል። እርጥበቱ ከ85 በመቶ ሲያልፍ ሥራውን ለሌላ ቀን አስተላልፉት።

3. የነፋሱን አቅጣጫ ለዩ፤ መስመሩን ዘርጉ። ድሮኑ የሚበረው ነፋሱን ተከትሎ ወይም ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። የወረቀቱ መስመር ደግሞ በረራውን በቀጥታ አቋርጦ ይዘረጋል። በነፋሱና በበረራው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ዲግሪ አይብለጥ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነፋሱ 4 ሜትር በሰከንድ ቢሆንና 15 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ወደ ጎን የሚገፋው 1 ሜትር በሰከንድ ያህል ነው፤ ይህ ብዙም አያሳስትም። ከጎን በሙሉ ኃይሉ ከመጣ ግን የምትለኩት ድሮኑን ሳይሆን ነፋሱን ነው። ለድሮን ነፋሱ ከ3 ሜትር በሰከንድ በታች ሲሆን ይመረጣል።

መሐል ላይ ችካል ትከሉና 0 በሉት። ከዚያ ወደ ግራ 6 ሜትር፣ ወደ ቀኝ 6 ሜትር ሲባጎ ወጥሩ። በየግማሽ ሜትሩ አንድ ጣውላ አስቀምጡ፤ በድምሩ 25 ይሆናል። ግራና ቀኝ የሚባለው ከአብራሪው አቅጣጫ ሲታይ ነው፤ ይህን ካልተስማማችሁበት በኋላ ወረቀቱ ይዘበራረቃል። መስመሩ ከምትጠብቁት ስፋት እጥፍ እንዲረዝም ያደረግነው ጠርዙ ላይ ቀስ እያለ የሚሳሳውን ርጭት ለመያዝ ነው። ወሳኙ መረጃ ያለው እዚያ ነው።

4. ወረቀቱን ጻፉበትና አስቀምጡት። በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ የበረራውን ቁጥርና ቦታውን በእርሳስ ጻፉ፤ «በረራ 1፣ ግራ 2 ተኩል» እንደማለት። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። የጣት ላብ ብቻውን ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ይተዋል። ስካነሩም ያንን እንደ ጠብታ ይቆጥረዋል።

5. ድሮኑን በሥራ ቀን እንደምታበሩት አዘጋጁት። ያው ኖዝል፣ ያው የጠብታ መጠን፣ ያው ፍጥነት ይሁን። ለምሳሌ 5 ሜትር በሰከንድና 2 ሜትር ተኩል ከፍታ። ከፍታው የሚለካው ከሰብሉ ጫፍ ስለሆነ፣ እዚህም ከወረቀቱ ላይ ለኩት። ታንኩን እስከ ግማሽ ሙሉት። ሙሉ ታንክ የያዘ ድሮን ከባድ ስለሆነ አየሩን በኃይል ይገፋል፤ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይቀንሳል። ግማሹ አማካይ ነው። ለ3ቱም በረራ መልሳችሁ እዚያው ልክ ላይ ሙሉት።

6. አብሩ። ድሮኑ ወረቀቱ ጋ ከመድረሱ ቢያንስ 30 ሜትር ቀድሞ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ መርጨት ይጀምር። ካለፈም በኋላ 30 ሜትር ሳያቋርጥ ይርጭ። ብዙ ድሮኖች ፍጥነት ሲቀንሱ የሚያወጡትንም ውሃ ይቀንሳሉ። መስመሩ ላይ ፍጥነት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ የሚያልፍ ድሮን የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣችኋል።

በበረራው መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ባንዲራ ትከሉ። አንድ ሰው ከኋላ በርቀት ቆሞ በስልክ ይቅረጽ። ድሮኑ ከ0 ግማሽ ሜትር ወደ ቀኝ ተስቶ ካለፈ ከቪዲዮው ታውቃላችሁ፤ ቁጥሩንም በዚያው ልክ ታሸጋሽጋላችሁ።

በዚሁ ዓይነት 3 ጊዜ ደጋግሙ፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜ በአዲስ ወረቀት። አንድ በረራ አይታመንም። በዚያች ሰከንድ ሽው ያለ ነፋስ ሥዕሉን ሊቀይረው ይችላል።

7. ሰብስቡ። ከበረራው በኋላ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይድረቅ። ያልደረቀ ወረቀት ከተደራረበ አንዱ በሌላው ላይ ይታተማል። በቅደም ተከተል ከረጢት ውስጥ ክተቱና ዝጉት። በዚያው ቀን አንብቡት፤ ከዋለ ካደረ የአየሩ እርጥበት ይቀይረዋል።

8. ሽፋኑን አንብቡ። የምንፈልገው ከእያንዳንዱ ወረቀት ስንት በመቶው ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ወረቀቶቹን በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት ልክ ነው) ስካን አድርጉና ኢሜጅ ጄ ወይም ዲፖዚት ስካን በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች አስሉ። በስልክ ደግሞ ስናፕካርድ የሚባል አፕ አለ። የምትጠቀሙበት መንገድ ለሁሉም ወረቀት አንድ ይሁን።

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ወረቀቱ ላይ የምታዩት ነጥብ ከጠብታው ይሰፋል፤ ጠብታው ሲያርፍ ይፈሳላ። ስለዚህ ሽፋን የፈሳሹን መጠን በቀጥታ አይነግርም፤ ቦታን ከቦታ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ሽፋኑ ከ20 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ነጥቦቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ ስለሚዋዋጡ ብዙ ውሃ የወረደበት ቦታ ትንሽ የወረደበት ይመስላል። ከዚያ በላይ ከወጣባችሁ የሚረጨውን መጠን ቀንሱና እንደገና ለኩ።

9. ምልልሶቹን በስሌት ደራርቡ። የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ የ3ቱን በረራ አማካይ አውጡ። ቁጥሩ እንዳይበዛባችሁ ምሳሌውን በየ1 ሜትሩ ልስጣችሁ፤ ቁጥሮቹ የሽፋን መቶኛ ናቸው፦

ግራ 4 ሜትር፦ 0
ግራ 3፦ 2
ግራ 2፦ 6
ግራ 1፦ 9
መሐል፦ 10
ቀኝ 1፦ 9
ቀኝ 2፦ 5
ቀኝ 3፦ 1
ቀኝ 4፦ 0

«ጠርዙ ሳሳ፤ ድሮኑ መጥፎ ነው» አትበሉ። ጠርዙ መሳሳት አለበት። ጤፍ በእጁ የሚዘራ ገበሬ የአንዱን ዙር ጠርዝ በሚቀጥለው ዙር ጠርዝ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ የድሮኑም ሳሳ ያለ ጠርዝ በሚቀጥለው ምልልስ ጠርዝ ይሞላል። ጥያቄው ምልልሶቹ በስንት ሜትር ቢራራቁ ነው በእኩል የሚሞላው የሚለው ነው።

በ6 ሜትር ልዩነት ብትመላለሱ፣ ቀኝ 3 ላይ የራሱ 1 እና ከሚቀጥለው ምልልስ የሚመጣው ግራ 3፣ ማለትም 2፣ ተደምረው 3 ይሆናሉ። ቀኝ 2 ላይ ደግሞ 5 ከግራ 4 ጋር፣ ማለትም ከ0 ጋር፣ 5 ይሆናል። ሁሉንም ስትደምሩ፣ ከአንዱ ምልልስ መሐል ጀምሮ ወደሚቀጥለው በየ1 ሜትሩ፣ ውጤቱ እንዲህ ነው፦

- በ6 ሜትር፦ 10፣ 9፣ 5፣ 3፣ 6፣ 9
- በ5 ሜትር፦ 10፣ 9፣ 7፣ 7፣ 9
- በ4 ሜትር፦ 10፣ 11፣ 11፣ 10

በ6 ሜትሩ መሐል ላይ 10 የወረደው ከ3 ሜትር በኋላ 3 ብቻ ነው። አረሙ መስመር ሠርቶ የሚተርፈው እዚያ ነው።

10. ልዩነቱን በመቶኛ አስሉ። በኤክሴል የቁጥሮቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን ልክ) ለአማካያቸው አካፍሉና በ100 አባዙ። ከላይ ያለው ምሳሌ በ6 ሜትር 39 በመቶ፣ በ5 ሜትር 16 በመቶ፣ በ4 ሜትር 5.5 በመቶ ይሰጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ርጭቱ እኩል ነው። ለአየር ላይ ርጭት እስከ 25 በመቶ ተቀባይነት አለው። ስለዚህ የዚህ ድሮን ትክክለኛ የምልልስ ርቀት 5 ሜትር ነው። 4 ሜትር የበለጠ እኩል ነው፤ ግን ባትሪና ጊዜ ይበላል። በኔ አስተያየት 5 ሜትሩ ይበቃል።

ይህ ስሌት ሁሉም ምልልስ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ነው። ድሮኑ ጫፍ ላይ ፊቱን አዙሮ የሚመለስ ከሆነ ቀኝ ጠርዝ ከቀኝ፣ ግራ ከግራ ይገናኛል። በምሳሌያችን የቀኙ ጠርዝ ደካማ ስለሆነ ቀኝ ከቀኝ ሲገናኝ 7 የነበረው ወደ 6 ይወርዳል፤ ግራ ከግራ ሲገናኝ ወደ 8 ይወጣል። ልዩነቱም 17 በመቶ ይሆናል። እዚህ ጉዳቱ ትንሽ ነው። አንዱ ጎን በጣም ከደከመ ግን ትልቅ ይሆናል። የእናንተ ድሮን ፊቱን ያዞራል ወይስ ወደ ኋላ ይመለሳል? ይህን አውቃችሁ አስሉ።

11. የሚወጣውን መጠን አስተካክሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከ6 ሜትር ወደ 5 ሜትር ወርዳችሁ የሚወጣውን ውሃ ካልነካችሁ፣ ለሄክታር የሚደርሰው መድኃኒት በ20 በመቶ ይጨምራል። ስሌቱ፦ ለሄክታር የሚፈለገው ሊትር × የምልልስ ርቀት በሜትር × ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ÷ 600። ለሄክታር 15 ሊትር፣ 5 ሜትር፣ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት (ይህ 5 ሜትር በሰከንድ ነው) ከሆነ፣ በደቂቃ 2.25 ሊትር ይመጣል። በ6 ሜትር 2.7 ነበር። ድሮኑ ራሱ የሚያሰላ ከሆነ አዲሱን ርቀት ብቻ አስገቡለት፤ ከዚያም በጆግ አረጋግጡ።

ሥዕሉ ካላማረ

መሐሉ ጎላ ብሎ ጠርዙ በድንገት ከወደቀ፣ ከፍታውን በግማሽ ሜትር ጨምሩ። ሁለት ጉብታና መሐል ላይ ጎድጓዳ ካያችሁም ብዙ ጊዜ ዝቅ ብላችሁ እየበረራችሁ ነው። አንድ ጎን ብቻ ከሳሳ መጀመሪያ ኖዝሉን፣ ቀጥሎ የነፋሱን አቅጣጫ ፈትሹ። ከፍታ ጨምራችሁም ጠርዙ የተበታተነና የማይጨበጥ ከሆነ ጠብታው በጣም ደቋል፤ በበጋው ደረቅ አየር ደቃቅ ጠብታ ሳይወርድ ይተናል፣ ወይም ነፋስ ይወስደዋል። ጠብታውን አተልቁት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና 3ቱን በረራ እንደገና አድርጉ። ከፍታና ፍጥነት አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈታው አታውቁም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ወረቀቱን ሣሩ ላይ ማንጠፍ። ጤዛ ባይኖር እንኳ ቆሞ የቀረ ገለባ ጠብታውን ይከልለዋል።
- ድሮኑ ቆሞ እያንዣበበ ሲረጭ መለካት። የቆመ ድሮን አየሩን ቀጥ አድርጎ ይገፋል፤ ሲበር ግን አየሩ ወደ ኋላ ይጋደማል። ሥዕሉ ፈጽሞ የተለየ ነው።
- ወረቀቱ ሰማያዊ መሆኑን ብቻ አይቶ «ደርሷል» ማለት። ጠርዝ ላይም ጥቂት ነጥብ አይጠፋም። ለምሳሌ የስንዴ ዋግን ለመሰለ በሽታ የሚረጭ ንክኪ ፀረ-ፈንገስ (የነካውን ቦታ ብቻ የሚከላከል) በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ50 እስከ 70 ጠብታ ይፈልጋል፤ ፀረ-ነፍሳት ከ20 እስከ 30 ይበቃዋል።
- መሐል ያለውን ደማቅ ክፍል ብቻ ለክቶ «ስፋቱ ይህ ነው» ማለት።

ሰው የሚያበረው አውሮፕላን ከሆነ

አካሄዱ ያው ነው፤ ልኩ ይሰፋል። ወረቀቱ በየ1 ሜትሩ ይቀመጣል። መስመሩ ከ30 ሜትር አያንስም። ነፋሱ እስከ 16 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀዳል። ሁለት ነገር ግን ለየት ይላል። አንደኛው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ የፕሮፔለሩ ሽክርክሪት ጠብታውን ከቀኝ ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ከመሐል ወደ ቀኝ ሳሳ፣ ወደ ግራ በዛ ያለ ሥዕል የተለመደ ነው። ይህ የሚስተካከለው በኖዝሎቹ አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው ክንፉ ጫፍ ላይ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት ነው። ኖዝሎቹ እስከ ክንፉ ጫፍ ከተዘረጉ ጠብታው ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይወጣል። የኖዝሉ ዘንግ ከክንፉ ርዝመት ሦስት አራተኛውን ባያልፍ ይመከራል።

ለአንበጣ በዘይት ተበጥብጦ በጣም በትንሽ መጠን የሚረጨው መድኃኒት በቢጫው ወረቀት አይለካም፤ ወረቀቱ ዘይት ሲነካው ቀለሙን አይቀይርም። ለእሱ ዘይት የሚለይ ሌላ ዓይነት ወረቀት ያስፈልጋል።

ኖዝል ወይም ፓምፕ በቀየራችሁ ቁጥር፣ ድሮኑ ወድቆ ከተጠገነ፣ ወይም ሥራ ይዛችሁ ከፍታው በጣም ወደሚለይ አካባቢ ከወረዳችሁ ልኬቱን እንደገና ሥሩ። የደረቁትን ወረቀቶች ስካን ከቀኑ፣ ከነፋሱ፣ ከከፍታውና ከፍጥነቱ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። የሚቀጥለውን ልኬት የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።